ያልተመዘገበው መልስ

በጥድ አምባ ከተማ ከስልሳ አምስት ነጥብ በታች የተናገረ እጩ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይወጣም። ሕጉ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ለአሥራ ሰባት ዓመት የከተማው አዳራሽ ሚዛን ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ እጩዎች ሲናገሩ ከመድረኩ በስተግራ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ነጥባቸውን መከታተል፣ የሰው ሳል ወይም የወንበር መንኳኳት ከንግግሩ ጋር እንዳይቆጠርባቸው መከላከል ነበር። ይርዳው እባላለሁ። ይህን የምጽፈው በ2071 ዓ.ም. ግንቦት ወር ስላደረግኩት ነገር ነው። በቃል ብናገረው ምን ያህል ነጥብ እንደማመጣ ስለማውቅ፣ ሰው ሳይመዝነኝ ቢያነበው ይሻለኛል።

ሚዛኑ ሐሳብ አይመዝንም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የደበቀውም የለም። የሚመዝነው የድምፅን መውጣትና መውረድ፣ በቃልና በቃል መካከል ያለውን ክፍተት፣ የጉሮሮን መድረቅ፣ ተናጋሪው ስንት ጊዜ «እ…» እንዳለ ነው። ሲጀመር ጥሩ ነገር ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ከዚያ በፊት ሰው የሚመረጠው በዘመድና በጉርብትና ነበር፣ የማን ልጅ ነው ተብሎ። ሚዛኑ አባት አይጠይቅም። እኔም በዚህ አምኜ ነው የተቀጠርኩት።

ከዚያ ነገሩ ከአዳራሹ ወጣ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ ማመልከቻ መቀበል ተዉ። ባለጉዳይ መስኮቱ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣው ቀድሞ ይስተናገዳል። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች ገቡበት፣ ቀጥሎ የሰው በር። ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ሚዛን መቃኑ ላይ ያልተተከለች ቤት የለችም ማለት ይቻላል። እንግዳው አንኳኩቶ ማንነቱን ሲናገር ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ ይከፍታል ወይም አይከፍትም። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች ነጥባቸው ታይቶ ይመረጣሉ። ለቅሶ ቤት የሟችን ታሪክ የሚያነብ ሰው እንባ ተናንቆት ድምፁ ከተቆረጠ ቤተሰቡ ያፍርበታል። የጎረቤቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቁርሷን ከመብላቷ በፊት መስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች። «በሙሉ ልብ፣ ያለ ጥርጥር፣ በእርግጠኝነት» ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ከተለወጡት ነገሮች አንዱን ግን ለይቼ መናገር አለብኝ። አገራችን ውስጥ ሰው «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አፉን አይከፍትም ነበር። አየር አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ሳብ ካደረገ በቃ፣ አዎ ብሏል። የማያውቅ የውጭ አገር ሰው የደነገጠ ይመስለዋል። ሚዛኑም እንደዚያው ነው፤ «ድንጋጤ» ብሎ ይጽፍና ስምንት ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ መሃል ከተማ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ተወው። ልጆች ሲያመልጣቸው ይቆነጠጣሉ። አሁን የቀረው በዕድሜ የገፉት ዘንድና ቁልቁለት ሰፈር ብቻ ነው።

ቁልቁለት ሰፈር ከገመገሙ፣ ከተዳፋቱ ኮረብታ፣ ሥር ያለ ሰፈር ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለው፤ ከነዚያ አንዱ የታላቅ እህቴ የዘርፌ ነው። ገመገሙ ላይ የነበረው ጥድ ካለቀ ቆይቷል፤ የከተማዋ ስም ላይ ብቻ ነው የቀረው። ወይዘሮ ደብሪቱ እዚያው ሰፈር የሚኖሩ የጎርፍ መውረጃ ሠራተኛ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ገመገሙ ላይ ይወጣሉ። እዚያ የተከሏቸው ሃያ የብረት ችካሎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥረው ይለካሉ። ማንም አላዘዛቸውም። መሬቱ ካልተንቀሳቀሰ ሲባጎው ልክ ይመጣል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ልክ አልመጣም። በሚያዝያ ወር ብቻ ችካሎቹ አራት ጣት ያህል ወደ ሰፈሩ ወርደዋል።

ይህንን ለመሥሪያ ቤታቸው ሦስት ጊዜ መስኮት ላይ ቆመው ተናግረዋል። ሠላሳ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስድስት አመጡ። በሠላሳ ስድስት ነጥብ የቀረበ ጉዳይ ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው። ቃል ሲፈልጉ ቆም ይላሉ፤ እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ላይ «ይመስለኛል» ይላሉ። አንድ «ይመስለኛል» አራት ነጥብ ይበላል።

ስለዚህ ለምክር ቤት እጩ ሆነው ተመዘገቡ። ሥልጣን አምሯቸው አይደለም። አንድ እጩ መድረክ ላይ ለሕዝብ ጥያቄ የሰጠው መልስ በከተማው መዝገብ ይገባል፤ መልሱ የሰው ሕይወት የሚነካ ከሆነ አስተዳደሩ በሰባት ቀን ውስጥ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። አንድ ችግር አለው። እጩው ካላለፈ የተናገረው በሙሉ ይሰረዛል፣ በሕግ ፊት እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ያለፈ ደግሞ ከአሥር ቀን በኋላ ሁለተኛ መድረክ ያገኛል። ወይዘሮ ደብሪቱ ማለፍ ነበረባቸው። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሐሙስ ዕለት እጩዎች ድምፃቸውን የሚሞክሩበት ቀን ነው፤ ወይዘሮ ደብሪቱም መጡ። የመጀመሪያ ሙከራቸው ሃምሳ ስምንት ሆነ። ጠባቂ እጩን መምከር የለበትም፤ ሆኖም ክፍሏ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ‹ይመስለኛል› የሚለውን ይተዉት» አልኳቸው።

«የማላውቀውን እንዴት ልበለው?»

«ጭራሽ አይበሉት። የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ።»

«የማውቀውማ መሬቱ እየሄደ መሆኑን ነው። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ መቼ ብሎ ነው» አሉኝ።

አምስት ጊዜ ደጋገምነው። በአምስተኛው ስልሳ ሰባት አመጡ፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኖ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ስልሳ ሰባት ይበቃል ወይ አሉኝ። ይበቃል፣ ግን ያቺን የትንፋሽ ነገር ይጠንቀቁ አልኳቸው። እሺ ለማለት አየሩን ሳብ አደረጉና ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከቁልቁለት ሰፈር ከየቤቱ አንድ ሰው መጥቷል፤ የቀሩት እቤታቸው ሆነው ሥርጭቱን ይከታተላሉ። ሥርጭቱ የሚወጣው ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ እኔ ሳል ወይም ጫጫታ ነው ብዬ ምልክት ያደረግኩበት ድምፅ ከንግግሩ ተቆርጦ እንዲወጣ። ከሥርጭቱ የተቆረጠ ከመዝገቡም ይቆረጣል።

ቀድሞ የተናገረው አቶ ኪሩቤል ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሚዛን ፊት ያደገ። ገመገሙ ላይ ደረጃና መብራት እንደሚያሠራ፣ ወጣቱ እዚያ እየወጣ ከተማውን እንደሚያይ ተናገረ። ቃሎቹ ተከታትለው ይወጣሉ፣ አንዱ አንዱን አይረግጠውም። ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው በዕጣ ይለያል፤ የወጣው የእህቴ የዘርፌ ቁጥር ነበር። ለሁለቱም እጩዎች አንድ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች። መሬቱ ይመጣብናል ወይ አለችው። ፈገግ ብሎ አያት።

«እናቴ፣ ያለ ምንም ሐሳብ ይተኙ። ገመገሙ ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛ በኋላም እዚያው ይኖራል።»

ዘጠና ሦስት ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም እጄ ሊያጨበጭብ ሲል ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ገመገሙ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣ እንደዚያ ሲናገር ለትንሽ ጊዜ አምኜዋለሁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ መድረኩ ላይ ሲወጡ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ የሚያደርግላቸው ሰው አልነበረም፤ በጣታቸው ጫፍ ቆመው ጀመሩ። ስለ ችካሎቹ ተናገሩ፣ ስለ ሲባጎው፣ ስለ አራቱ ጣት። ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ ሰባት። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፋባቸውና ቆሙ፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ቃሉን በከንፈሬ እላለሁ፣ እንደሚሰሙኝ ሁሉ። አገኙትና ቀጠሉ። ለንግግር የተሰጣቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ሲያልቅ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ነበሩ። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። ጥያቄው ብቻ ቀርቷል። ለጥያቄው ያዘጋጁትን መልስ አውቀዋለሁ፣ ሐሙስ አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፦ «አዎ፣ መሬቱ ይመጣል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሰፈሩ መነሣት አለበት።»

ዘርፌ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ለአቶ ኪሩቤል እንደጠየቀችው ግን አልጠየቀችም።

«ደብሪቱ፣ እንደ እጩ አይደለም የምጠይቅሽ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ። ልጆቼን አብረሽኝ ነው ያሳደግሽው። ዘንድሮ መሬቱ ቤቴ ላይ ይመጣል ወይ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ አዩዋት። መርዶ የሚያረዳ ሰው አፉን ሞልቶ እንደማይናገር የታወቀ ነው፤ የተረጂው ፊት እያየ ቃሉ አይወጣለትም። ያዘጋጁት ዓረፍተ ነገር እዚያው ቀረ። አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። አጭር ነበር፣ ጥርት ያለ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ከማጉያው ፊት ዞር አሉ። ለእሳቸው መልሱ ተመልሶ አልቋል።

አዳራሹ ውስጥ ለነበረውም ሰው አልቋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ፊት ያለው ሰሌዳ ብቻ አልገባውም። «ምላሽ የለም። ድንጋጤ። ተቀናሽ ስምንት» አለ። ስልሳ ዘጠኙ ስልሳ አንድ ሆነ። የጥያቄው ሰዓት ተዘጋ።

ጠባቂ ለማሰብ አሥራ አምስት ሰከንድ አለው። ድምፁን «ከንግግር ውጭ» ብዬ ምልክት ካደረግኩበት ተቀናሹ ይነሣል፤ ስልሳ ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ያልፋሉ፣ ሁለተኛ መድረክ ያገኛሉ። ድምፁ ግን ከሥርጭቱም ከመዝገቡም ይጠፋል። ካልነካሁት ወይዘሮ ደብሪቱ ይወድቃሉ፣ ከችካሎቹ ጀምሮ የተናገሩት ሁሉ ይሰረዛል። መስታወቱን አሻግሬ አዳራሹን አየሁ። አራት መቶ ሰው ሰምቷል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው። ሄደው ለቤተሰቦቻቸው ይነግራሉ። አራት መቶ ሰው በጆሮው የሰማውን ነገር መዝገቡ ባይዘው ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ ብዬ ማሰቤን ዛሬም አልረሳውም።

ተጫንኩት። ስልሳ ዘጠኝ፣ አልፈዋል የሚለው መብራት በራ። ሕዝቡ ግን ሰሌዳውን የሚያይ አልነበረም፤ ቁልቁለት ሰፈሮች ድምፅ ሳያሰሙ እየተነሡ ይወጡ ነበር። እቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎበዝ ነህ አልኩ ለራሴ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ዝናብ ጀመረ። ገና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚጠበቅ ዝናብ ነው፤ ከባድ አይደለም፣ ግን አያባራም። ሦስት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ፤ የበሩ ሚዛን ሃያ ሁለት አሳየኝ። ማን ነው ይህን ያህል የሚያለከልክ ብዬ ስከፍት ዘርፌ ናት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። አልቀመጥም አለች። ከሰፈሩ ገሚሱ እቃውን እያወጣ መሆኑን፣ ሌላው ግን አልነሣም ማለቱን ነገረችኝ። አዳራሽ ያልነበሩት ባሎች፣ ሚስቶች፣ ልጆች የሥርጭቱን ቅጂ ከፍተው ደጋግመው እየሰሙ ነው። ጎረቤት ሊያስነሣቸው ሲሄድ በሩ ላይ ሆነው ያሰሙታል። የዘርፌ ጥያቄ አለ፣ ከዚያ ዝም ነው፣ ከዚያ ሥርጭቱ ያበቃል።

«‹አዎ ያለችው የት ላይ ነው?› ይሉናል» አለች ዘርፌ። «ሰምተናል ስንል ደጃቸው ላይ ያለው ነገር ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት ያሳያቸዋል። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ደግሜ ሰማሁት፣ የለም። ጠያቂዋ እኔ ሆኜ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። አንተ እዚያ ነበርክ። ብላለች አይደል?»

ብላለች አልኳት። ከዚያ ያደረግኩትን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ለምን ብላ ጠየቀችኝ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ እንዳይወድቁ ብዬ ነው አልኳት። ዘርፌ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጭቃውን ከእጇ ላይ ጠረገች።

«ደህና አድርገህ እሷን አዳንካታ» አለች።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ እንደዚያ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ደወልኩ። ገመገሙ ላይ ነበሩ፤ ነፋሱ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሁን እውነቱን ባወጣ ማለፋቸው እንደሚሻር፣ ንግግራቸው እንደሚሰረዝ፣ ሁለተኛ መድረክ የሚባል ነገር እንደማይኖር ጭምር። እኔ ከሥራ መባረሬና መከሰሴ እንደማይቀር ግን አልጨመርኩም።

«ከችካሎቹ ሁለቱ የሉም» አሉኝ። «ሲባጎው የት እንደገባ አላውቅም። ስንት ቤት ነው ያልተነሣው?»

«መቶ ሰባ ገደማ ይሆናል።»

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ታወራለህ?»

ከዚያ በፊት አንተ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ በደንቡ መሠረት ለአስተዳደሩ የአስቸኳይ መስመር ተናገርኩ። መልስ ሰጪው እስክጨርስ ጠብቆ አርባ አራት ማምጣቴን ገለጸልኝ፣ ጉዳዬ ተራ መያዙን ነግሮ አመሰገነኝ። ከዚያ ከዘርፌ ጋር ወረድኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሰዎች በራቸውን ነቅለው ተሸክመዋል፣ ፍራሽ በላስቲክ ጠቅልለዋል፤ አንዲት ሴትዮ የልብስ ስፌት መኪናዋን አዝላ ነበር። ከነሱ መሃል የተዘጉ በሮች አሉ፣ ከውስጥ ሬዲዮ የሚሰማባቸው። ከበላያችን አልፎ አልፎ ድንጋይ ይንከባለልና ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ሁሉም ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ሳስመዝን ኖሬ እኔ ራሴ ስንት እንደምመዝን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው በር ላይ ሠላሳ አንድ ሆንኩ። ሁለተኛው ላይ ሃያ ዘጠኝ። አፌ ይደርቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይጠፋብኛል፣ ጥፋቴን ስናገር ድምፄ ይወርዳል። የሚያፍር ሰው ድምፅና የሚዋሽ ሰው ድምፅ ለሚዛኑ አንድ ነው፤ ይህንንም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዘርፌን የሚያውቁ ከፈቱልኝ። አንዳንዶቹ ሚዛን ጠባቂው ራሱ መጥቶ ጥፋቱን ካመነ እውነት ይሆናል ብለው ተነሡ። ሌሎቹ ከበሩ ኋላ ሆነው፣ በትሕትና፣ አቶ ይርዳው አይቀየሙን፣ ቁጥርዎ አላማረንም አሉኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እኔና ዘርፌ ሰማንያ ያህል ቤት አስነሥተናል። ጎረቤቶችም በየፊናቸው ያስነሣሉ።

በላይኛው ረድፍ ከቀሩት ቤቶች የመጨረሻው የአቶ አምባቸው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው አዳራሽ ነበረች፣ ልጆቹን ይዛ ጠዋት ወጥታለች። እሳቸው ከእናታቸው ጋር ቀሩ። እናትየዋ እማማ ሐረገወይን ይባላሉ፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አቶ አምባቸው በሩን ከፈቱልኝ፤ ግን የበሩ ደፍ ላይ ቆመው መግቢያውን ይዘውታል። ነገርኳቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ አዎ ማለታቸውን፣ እኔ መቁረጤን፣ ችካሎቹ መጥፋታቸውን። አንዴ እኔን አንዴ መቃኑን እያዩ ሰሙኝ።

«አቶ ይርዳው፣ ሊዋሹኝ ነው የመጡት አልልም» አሉኝ። «ግን ይመልከቱት፣ ሃያ ሰባት ነው። ትናንት ዘጠና ሦስት ያመጣው ሰውዬ ተኙ ብሎናል። እናቴ ብርድ አትችልም። በሃያ ሰባት ነጥብ ዝናብ ውስጥ ላውጣት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሚዛኑ ምን እንደሚመዝን፣ ምን እንደማይመዝን፣ ማንም ከኔ በላይ እንደማያውቀው ተናገርኩ። ሃያ አራት ሆነ። እባክዎ አልኳቸው። ሃያ አንድ ሆነ። በተናገርኩ ቁጥር እናታቸውን እየገደልኳቸው መሰለኝ። ከበላያችን አንድ ነገር ረዘም አድርጎ አጉረመረመ፣ ከነጎድጓድ ዝቅ ያለ፤ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠና ቆመ። አቶ አምባቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ መልሰው መቃኑን።

ጫማዬን እዚያው ጭቃው ውስጥ ትቼ በትከሻቸው ጎን አልፌ ገባሁ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ቤት ሳይፈቀድልኝ ገብቼ አላውቅም። እማማ ሐረገወይን እስከ አገጫቸው ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ክፍት ነው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው። ከዚያ የሽቦ አልጋውን ራስጌ ያዝኩና አነሣሁ።

ከባድ ነበር። ግርጌው ወለሉ ላይ እየተፋቀ አንድ ክንድ ያህል ጎተትኩትና ትንፋሼ አጠረ። አቶ አምባቸው በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ማንም የሚናገር ስለሌለ መቃኑ ላይ ያለችው ቁጥር ጠፍታለች፤ እሳቸው ግን አሁንም ያዩዋታል፣ አንድ ነገር እንድትላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። እንደገና አነሣሁ፣ ሌላ ክንድ ያህል ጎተትኩ። እማማ ሐረገወይን እጃቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው የአልጋውን ጠርዝ ያዙ።

ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። ግርጌው ከወለሉ ተነሣ፣ አልጋው ቀለለ።

«ቀስ» አሉኝ አቶ አምባቸው። «ጉልበቷን ያማታል።»